ለጥንቸል የተጠመቀ ጠላ

ጥንቸል ሲያስነጥስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። አንዱ ብቻውን አይደለም፤ ቤት ሙሉ ጥንቸል መጀመሪያ ተራ በተራ፣ ከዚያም አንድ ላይ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ሕፃን ልጅ ኩራዝ ሊያጠፋ እፍ እንደሚለው ያለ። ነገር ግን ያስነጠስኳቸው እኔ ራሴ ስለነበርኩ ለእኔ ጆሮ ከመድፍ አላነሰም። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ጥንቸል እኔ ቤት እንዴት እንደገባ ላውራችሁ። ይገባሉ ብዬ ከማስባቸው ነገሮች ሁሉ መጨረሻ ላይ የነበረው እሱ ነበርና።

እኛ መተማዎች የምንታወቀው በሰሊጥ፣ በማሽላና በሙቀት ነው። ጥንቸል ለእኛ ሰሊጥ ስናርም ከእግራችን ሥር ተፈትልኮ የሚያስደነግጠን የዱር ፍጥረት ነው። ሥጋውንማ ማን ያነሳዋል! መጽሐፉ ግልጽ ነው፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም፤ ርኩስ ነው። ስለዚህ ልጄ ደብሬ ከግብርና ባለሙያዎች የተሰጧትን አንድ ወንድና ሁለት ሴት ጥንቸሎች በካርቶን ታቅፋ የመጣች ዕለት ባለቤቴ ጥሩዬ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ መንገድ ዘጋች።

«ወንፊቴን አይነኩም» አለች። «ሰፌዴን አይነኩም። ውሃ የምቀዳበት ጣሳ ባጠገባቸው አያልፍም።»

«እማዬ፣ እነሱ ሣር እንጂ ወንፊት አይበሉም» አለቻት ደብሬ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቤት ውስጥ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው፤ ቢያንስ ያን ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። «ይግቡ» አልኩ።

ይግቡ ያልኩት ጥንቸል ወድጄ አይደለም። ደብሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ አላስገባትም። እኔ በወጉ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ፊደሌን የቆጠርኩት ከተጣለ ጋዜጣ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ፈተና ወንፊት ነው። ያለፈውን ዱቄት ብለን እናመሰግነዋለን፤ ከላይ የቀረውን ፉርሽካ ብለን ደጅ እንደፋዋለን። ፉርሽካው ግን ከዚያው እህል ነው የወጣው፤ ከዚያው ማሳ፣ ከዚያው ዝናብ። ልጄ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ስትከርም፣ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲሄዱ ስታይ፣ ከጎንደር አንድ ደላላ በስልክ አገኛት። ዐረብ አገር እልክሻለሁ፣ ጉዞው ከገና በፊት ነው አላት።

እኔ አይሆንም አልኩ። የሰው ቤት ሄዳ የሰው ሳህን የምታጥብ ልጅ አላሳደግሁም አልኩ። ደብሬም ረጋ ብላ «እሺ አባባ፤ እዚህ ምን ልሥራ?» አለችኝ። አይሆንም የሚል አባት በሌላው እጁ አንድ ነገር መያዝ አለበት፤ የእኔ ግን ሁለቱም እጆቼ ባዶ ነበሩ። ስለዚህ በጥንቸሎቹ ላይ ተስማማን። የሚወልዷቸው ግልገሎች አድገው ኅዳር ላይ ለገበያ ከደረሱና ሰው የሚቆምበት ሥራ መሆኑ ከታየ ትቀራለች። ካልሆነ ግን መንገዷን አልዘጋም። ቃሌን ሰጠሁ።

ገዢው ያኔውኑ ተገኝቷል። ሐጂ ኢድሪስ ይባላሉ፤ በከተማችን ሰሊጥ የሚያስጨምቁ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። ለእሳቸው ሥጋው ሐላል ነው፤ በዚያ ላይ በጦርነቱ ምክንያት ከሱዳን ተሻግረው የመጡ ዘመዶች አሏቸው። «አርነብ? ጥንቸል? በደንብ ያደገ ከሆነ አንድም አይተርፍ፤ እወስዳለሁ» ብለውናል። የቀረው ማሳደግ ብቻ ነበር። ማሳደግ ደግሞ መመገብ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት፤ ባልገባ ኖሮ ይህን ወግ አትሰሙም ነበር።

የእኔ ሕግ አንድ ነበር፦ የማልበላው እንስሳ እህል አይበላብኝም። ስለዚህ በሬዲዮ «የእህል ተረፈ ምርት ለእንስሳት መኖ» የሚል ትምህርት ስሰማ ለእኔ የተላከ መሰለኝ። ተረፈ ምርት! ቃሉ ራሱ ደስ ይላል። ሌላው ደክሞ ያመረተውን ሌላው በልቶ የጣለውን አንተ በነፃ ታነሳለህ ማለት ነው። ግልገሎቹ ተወልደው ጡት በተዉ ሰሞን ለቤተሰቡ ሰፊ ምክር ሰጠሁ። ብክነት ኃጢአት መሆኑን፣ ቁጠባ ግን በረከት መሆኑን አስረዳሁ። ደብሬ እስክጨርስ ጠብቃ «አባባ፣ ባለሙያው ያስተማረን አለ፤ ልንገርዎት?» አለች።

«ስመለስ» ብዬ ጆንያዬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወፍጮ ቤት ነው። ባለወፍጮው ወለሉን ጠርጌ ልውሰድልህ የሚለው ሰው በማግኘቱ መጥረጊያውን ራሱ አቀበለኝ። ጆንያ ሙሉ ጥራጊ ተሸክሜ ስገባ ደብሬ እጇን ሰድዳ ዘገነችው።

«አባባ፣ ይህ ቀዩ ነገር ምንድን ነው?»

«ቀይ ማሽላ ነዋ!»

አላወቅሁም ማለት እችል ነበር። ግን አባትነት መጥፎ ልማድ አለው፤ ያላወቅኸውን ጮክ ብለህ ስትናገረው ያወቅኸው ይመስልሃል። ጥራጊውን ራሴ በገንዳቸው ውስጥ አፈሰስኩ። ግልገሎቹ አፍንጫቸውን እያርገበገቡ መጡ፤ ቀመሱ፤ ቀና አሉ። ከዚያ የነገርኳችሁ ማስነጠስ ጀመረ።

ለካስ ወፍጮ ቤት የሚፈጨው ማሽላ ብቻ አይደለም። በርበሬውም እዚያው ይፈጫል። ድንጋዩ ለየብቻ ነው፤ ወለሉ ግን አንድ ነው። ደብሬ እርጥብ ጨርቅ ይዛ የእያንዳንዱን አፍንጫ ስትጠርግ፣ ወንፊቴን አይነኩም ያለችው ጥሩዬ አንዱን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ምስኪን» ትለዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተ ሰው፣ ሽሮስ አልጨመርክበትም? ወጥ ይሆን ነበር» አለች።

ስቄ ባልፈው ደግ ነበር። እኔ ግን በተሳሳትኩ ቁጥር የምጠነክር ሰው ነኝ። በማግስቱ ሐጂ ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ሰሊጡ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ጥፍጥፍ፣ ደገኞች ፋጉሎ የሚሉት፣ እኛ ከሱዳኖች ተምረን አምባዝ የምንለው አለ። ሐጂ በነፃ ሰጡኝ።

«ይህ የወደቀ ላም ያቆማል» አሉኝ። «ግን ሽወያ ሽወያ። ትንሽ ትንሽ ብቻ፤ ከሌላ ጋር እየቀላቀልክ።»

እኔ በመንገድ ሳስበው ነገሩ አልገባኝም። ትንሹ ላም ካቆመ፣ ብዙው ጥንቸልን ምን አያደርግ? ኅዳር ደግሞ ይገሰግሳል። ገንዳውን ሞላሁት። በሉልኝ! እንዴት እንደበሉ ብታዩ! ያን ቀን ጥሩዬን ጠርቼ «ይኸው የቁጠባ ውጤት» ብዬ አሳየኋት።

በማግስቱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። ተቅማጥ ያዛቸው፤ አንዳንዶቹ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው ቀሩ። ደብሬ ሣርና ውሃ ብቻ እየሰጠች የተቻላትን አተረፈች፤ ያልተረፉትን አጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረች።   እጇን ታጥባ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። አልፌ ስሄድ «አዎ፣ ፓስፖርቱ እጄ ላይ ነው» ስትል ሰማሁ።

 እየሄደ ያለው ጥንቸሉ አይደለም፤ ልጄ ናት። ከሰዓት በኋላ እንደ መማጸን እያደረገኝ «ለመሆኑ ያ ባለሙያ ምን ነበር ያላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«በማደግ ላይ ያለ ጥንቸል ሆዱ ስስ ነው አለን። ሣር እንደልቡ ያገኛል። ከዚያ ላይ ፉርሽካ፣ የደረቀ የጠላ አተላ፣ አምባዝ ደግሞ ለቅመም ያህል ብቻ። ሁሉም ቀስ እያለ ነው የሚለመደው።»

ቀላል ነበር። ሣር በክረምት ሞልቷል። ፉርሽካም ዱቄት የነፋ ቤት ሁሉ አለው። ሆኖም ጎረቤት ሄዶ ፉርሽካ መለመን በእኔ አስተዳደግ ከባድ ነገር ነው። ፉርሽካ የሚለምን ቤቱ የተፈታ፣ ጎተራው የተራገፈ ሰው ነው። እኔ ማኅበር ላይ ስለ ሥራና ስለ ክብር የምመክር ሰው ዛሬ ከረጢት ይዤ በየደጁ ልቁም? ሞቼ ነው ቆሜ! አተላውንም ቢሆን ጠላ ሻጮች ዘንድ ሄጄ ጠይቄ ነበር። ሁሉም የአህያና የሚደልቡ በሬዎች ድርሻ ነው ብለው መለሱኝ።

ስለዚህ ወንድ ልጅ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ። ቀላሉን ትቼ ከባዱን መረጥኩ።

«ጥሩዬ፣ ጠላ እንጠምቃለን» አልኩ።

እጇ ላይ የነበረው ማማሰያ ወደቀ። እኔ ጠላ የማልጠጣ ሰው ነኝ። በማኅበር ቅራሪ ሲቀርብልኝ እንኳ ከንፈሬን አስነክቼ የምመልስ፣ ከጠላ ቤት የሚወጣ ጎረምሳ ባየሁ ቁጥር አስቁሜ የምመክር ሰው ነኝ።

«አንተ? ጠላ?»

«ጠላውን አይደለም የምፈልገው። አተላውን ነው።»

«ታዲያ ጠላውን ምን ላድርገው?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። «ጠላው» አልኳት «ተረፈ ምርት ነው።»

ጥሩዬ እናቷ ደባርቅ የታወቀች ጠማቂ ነበረች። ማሽላ አበቀለች፤ ጌሾ ወቀጠች፤ ድፍድፉን ጣለች። በዓለም ላይ ለጥንቸል ጠላ ያስጠመቀ ሰው አንተ ብቻ ነህ እያለች ሠራችው። ጠላው ሲጠልል አተላውን ወስጄ ሸራ ላይ አሰጣሁት። የቆላችን ፀሐይ መቼም ለክፉ ብቻ አልተፈጠረችም፤ ከምሳ በፊት ጠብሳ አደረቀችልኝ። ደብሬ በጥንቃቄ ቀላቅላ ትንሽ በትንሽ አቀረበች። ግልገሎቹ ወደዱት። ጆሯቸው ቀና፤ ፀጉራቸው ወዛ። ልጄ ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ አለች።

መከራዬ የጀመረው ነገሩ ስለሠራ ነው። ባይሠራ ኖሮ እተወው ነበር።

አተላው ሸራ ላይ ሲደርቅ፣ ጠላው ጋኑ ውስጥ እያየኝ ተቀመጠ። ይደፋ እንዳልል እህል ነው፤ እህል መድፋት ነውር ነው። ጎረቤቶችን ጠራሁ። ጠጡ፤ መረቁን። የጥሩዬ እጅ መልካም መሆኑን ተናገሩ። ጋኑ ሲያልቅ የጥንቸሎቹም አተላ አለቀ። እንደገና ተጠመቀ። ሁለተኛውን ጊዜ አልጠራኋቸውም፤ እነሱ ግን መንገዱን አውቀውታል። ሦስተኛው ጋን ላይ የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምሰማው? ርኩስ እንስሳ ታረባለህ አሉኝ።»

«አባ፣ መጽሐፉ መብላቱን እንጂ ማብላቱን አልከለከለም።»

አሰቡበት። ጥሩዬ እስኪያስቡ ድረስ አንድ ዋንጫ አቀረበችላቸው። ሲያስቡ ጨረሱት፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። «ይሁን እንጂ…» ብለው ጀመሩና ዋንጫውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። «ለመሆኑ ጌሾው ከየት የመጣ ነው?» የጥንቸሉ ነገር በዚህ ተዘጋ።

ጥሩዬ አንድ ቀን አፋጠጠችኝ። ማሽላችን እያለቀ ነው፤ የጥንቸል መኖ ቆጠብኩ ብለህ አገሩን በነፃ ታጠጣለህ፤ እንግዲህ ወይ ይቁም ወይ ይሸጥ አለችኝ። ልክ ነበረች። የማልበላው እንስሳ እህል አይበላብኝም ያልኩት ሰው፣ የማልጠጣውን ጠላ በእህሌ እያስጠመቅሁ ነበር። ቢሆንም ኅዳር እስኪደርስ ነው፣ ለልጄ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይሸጥ አልኩ። ለሰፈር ሰው ብቻ፣ በጨዋ ደንብ፣ ያለ ጩኸት።

የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከጎጃምም ከወሎም ጎረፉ። እኔም ማሳ ውዬ አንድ ቀን ስመለስ በአጥሬ ላይ እንግዳ ነገር አየሁ። ረጅም እንጨት ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። በአገራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል፦ እዚህ ጠላ ይሸጣል፤ ግቡ። አወረድኩት። በማግስቱ ተመልሶ ተሰቅሎ አገኘሁት። ማን እንደሰቀለው ስጠይቅ አንዱ ጠጪ በትሕትና ብድግ ብሎ «እኛ ነን አባቴ፤ ጓደኞቻችን ቤቱ እየጠፋቸው ሲንከራተቱ አዝነን ነው» አለኝ። መንገድ ላይ አስቁሜ እመክራቸው የነበሩት ጎረምሶች አሁን ከእኔው ቤት ሲወጡ «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» ይሉኛል። እንዲህ እየተመሰገንኩ ምን ብዬ ልምከራቸው?

ከዚያ ያቺ ከሰዓት መጣች። ከማሳ ስገባ ለጠጪዎቹ በጣልነው ዳስ ሥር መቀመጫ የለም። ጥሩዬ ጓሮ ድፍድፍ ላይ ናት። መሐል ላይ ደብሬ ጆግ ይዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ትላለች፤ ላቧ በግንባሯ ወርዷል። አንድ ጎጃሜ ሠራተኛ፣ ክፋት የሌለበት ጎልማሳ፣ ጣሳውን አነሳና «እስቲ ድገሚኝ፣ እታለም!» አለ።

 «እሷ ቀጂ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ።

 ሰውየው ደንግጦ ጣሳውን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ አባቴ። ታዲያ ቀጂው ማን ነው?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ጣሳቸው ውስጥ የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስል አቀርቅረዋል። ጆጉን ከልጄ እጅ ተቀበልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ቀዳሁለትም። ግማሹ ጣሳው ውስጥ፣ ግማሹ ጉልበቱ ላይ።

ሰውየው ሱሪውን አየና «ለጀማሪ ደህና ነው» አለ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ደብሬ አልሳቀችም። ወደ ጥንቸሎቹ ቤት ሄደች፤ እኔም ጆጉን እንደያዝኩ ተከተልኳት። ለሙቀቱ ብላ የሰቀለችውን እርጥብ ጆንያ እያስተካከለች ነበር።

«ተቆጣሽ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

ጆንያውን ለቀቀችና ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ዐረብ አገር እንዳልሄድ የከለከሉኝ የሰው አገልጋይ እንዳልሆን ብለው አይደል?»

«አዎ።»

«እዚህስ ምን እያደረግሁ ነው? ለሰው መቅዳት ከሆነ እዚያም አለ። እዚያ ግን ደሞዝ አለው።»

  ልጄን ከአገልጋይነት ላድን ብዬ አገልጋይ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ያውም በራሷ ሥራ ላይ፣ በራሷ ጥንቸሎች ምክንያት፣ ጎረቤት ደጅ ፉርሽካ ላለመጠየቅ ስል። ኩራት ርካሽ ነገር ይመስላል፤ ራሱ ምንም አይበላም። ግን እሱን ለመቀለብ ስንቱን ነገር እንደምንገብር!

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

ይህን ቃል ለልጄ ተናግሬ አላውቅም። እሷም አልሰማችኝ መሰለኝ፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብላ አየች። ማንም አለመኖሩን ስታይ «ጠላው ይቁም» አለች።

«ጥንቸሎቹስ ምን ይበላሉ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ለእኔ ይተዉት! ለአንድ አባት ከዚህ የሚከብድ ሸክም የለም፤ ምክንያቱም የሚሸከመው ነገር የለውም። እጄን አጣጥፌ ቆሜ ማየት ነበረብኝ።

ጠላው ቆመ። ጣሳውን ከአጥሩ ሳወርድ የሚሰቅለው አልመጣም። ሳሉጎቹ ለጥቂት ቀን እየመጡ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው በሩ ላይ ቆመው ይመለሱ ነበር። ጥሩዬም ከፍቷት ሰነበተች። «ገና ስም ላወጣ ስል!» ትለኝ ነበር።

ደብሬ ከረጢቷን ይዛ በየጎረቤቱ ስትወጣ እኔ በሃፍረት አጥር ሥር ተሸሽጌ አዳመጥኩ። «እትዬ፣ ዛሬ ነፍታችኋል? ፉርሽካውን እንዳትደፉት፣ ለጥንቸሎቼ ነው» ትላለች። ሳቅ ጠበቅሁ፤ ሐሜት ጠበቅሁ። «ውሰጂ እናቴ፣ ነገም ነይ» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። እኔን ባዶ እጄን የመለሱኝ ጠላ ሻጮች ሳይቀሩ ለእሷ አተላ ይለዩላት ጀመር። ለምን ብላ ብትጠይቃቸው «አባትሽ የመጣው እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ነዋ! ስጡኝ እንጂ እባካችሁ አላለም» አሏት። ነገረችኝ። ልትቀልድብኝ ሳይሆን እንድማርበት ብላ ይመስለኛል፤ እኔን ትመስላለች፣ መምከር ትወዳለች።

ለእኔም ሥራ ሰጠችኝ። ሣር ማጨድ። ዝናቡ ቆሞ ሜዳው መድረቅ ስለጀመረ ለምለሙን ፍለጋ እስከ ወንዙ ዳር እሄዳለሁ። የማውቃቸው ሰዎች ሸክሜን አይተው «ለበሬ ነው?» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ዝም እል ነበር። በኋላ ግን «ለልጄ ጥንቸሎች ነው» ማለት ለመድኩ። እንዳሰብኩት አልገደለኝም። እንዲያውም አንድ ገበሬ አብሮኝ ተቀምጦ ስለ አመጋገባቸው ብዙ ጠየቀኝ። የማውቀውን ያህል መለስኩለት፤ ያላወቅሁትን አላውቅም አልኩት። ከንፈሬ ላይ እንግዳ ቃል ነበር፤ ሬት ሬት ይላል፣ ግን ይዋጣል።

ኅዳር ገባ። ሰሊጡ ተወቅቶ ከማሳ ተነሳ። አንድ ጠዋት ሐጂ ኢድሪስ ከነጭነት ባጃጃቸው መጡ። ጥሩዬ እጇን መቀነቷ ውስጥ ከትታ ከጓሮ ወጣች። ደብሬ በጥንቸሎቹ ቤት በር ላይ ቆመች፤ ቀሚሷን ትጎትታለች፣ ትለቃለች። ሐጂ አንዱን ትልቁን አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት፤ ጀርባውን ዳበሱ፤ ጆሮውን ገልጠው አዩ። ሌላ አነሱ። 

«ማሻአላህ!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ይህን ያህል ያደጉት ምን አብልተሃቸው ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ንግግሩ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሣር ስሸከም በየመንገዱ ለብቻዬ ስለማመደው ነው የከረምኩት። ስለ ቁጠባ፣ ስለ ጥረት፣ ስለ አባት ምክር። ከዚያ ደብሬን አየኋት። እሷ ወደ እኔ አታይም፤ መሬት መሬት ታያለች፤ እኔ እንደምመልስ ታውቃለች። አፌን ዘጋሁት።

«እሷን ይጠይቋት ሐጂ» አልኩ። «የእሷ ናቸው።»

ቀና አለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ወፈረ። የፉርሽካውን መጠን፣ የአተላውን አደራረቅ፣ ከእሳቸው ከሚመጣው አምባዝ ምን ያህል ብቻ እንደምትጨምር፣ ሣሩ ከሁሉም እንደሚበልጥ፣ በሙቀት ቀን ውሃው ስንት ጊዜ መቀየር እንዳለበት አስረዳቻቸው። እሳቸውም እንደ እኩያ ነጋዴ እየነቀነቁ ሰሟት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ሁሉንም እወስዳለሁ» አሉ። «ግን ለእኔ ሰው ይህ አይበቃም። ሌላስ የለሽም?»

ደብሬ ዞር ብላ እናታቸው ሥር የተሸጎጡትን አዲሶቹን ግልገሎች አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ወራቱን እያሰላች ነበር።

«እነዚህ ለጥምቀት ይደርሳሉ» አለች።

«ለጥምቀት ስመጣ ማን ያስረክበኛል?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

ነገሩን እንደ ዋዛ ተናግራው ጥንቸሎቹን ወደ ቅርጫት ማስገባት ጀመረች። የደላላው ጉዞ ከገና በፊት ነበር፤ ጥምቀት ደግሞ ከገና በኋላ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ጥሩዬን አየኋት። እሷም ሰምታለች፤ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ አንድ ነገር ማለት ፈለግሁ። ምክር ነበር የመጣልኝ፣ መቼም ሌላ ምን ይመጣልኛል? ነገር ግን በሕይወቴ አንድ ቀን ዝም ማለት የሚገባኝ ያን ቀን እንደሆነ ገባኝና ማጭዴን አንስቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ።